ያለ ክፍያ፣ ያለ ክራክ፦ የኮምፒውተር ስክሪን ቀረጻና ስክሪንሾት

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያየውን ለሌላ ማሳየት ሲፈልግ ስልኩን ያወጣል። ስክሪኑን ፎቶ ያነሳና በቴሌግራም ይልካል። ፎቶው ያዘነበለ ነው። የመስኮት ብርሃን ያንጸባርቅበታል። ጽሑፉ ላይ የሚወዛወዝ መስመር ይሄዳል። «ይሄ ኤረር መጣብኝ፣ ምን ላድርግ?» ይላል ላኪው፤ ኤረሩ ግን አይነበብም። ቪዲዮም ላይ ያው ነው። ደሴ ላይ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚያሠለጥን ሰው ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፎ ስክሪኑን ይቀርጻል። ተማሪው ወገል ጤና ሆኖ ሲከፍተው የሒሳቡን ቁጥሮች መለየት ያቅተዋል።

ይህ ያንገበግበኛል። ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ድካሙም እውነተኛ ነው፤ ተማሪው ጋ ግን አይደርስም። መፍትሔው ደግሞ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል፣ ብር አይጠይቅም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የምትቀርጹት ለራሳችሁ ስክሪን አይደለም። የሚያየው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው የሚያየው፣ በገዛ ዳታው። የጽሑፉ መጠን፣ የፋይሉ ክብደት፣ የቪዲዮው ርዝመት ሁሉ ከእሱ አንጻር ይወሰን።

ሁለተኛ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ የቀረጻ ሶፍትዌር ተዉት። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ የሚዞረው በዚያው ፍላሽ ነው። ከታች የምጠቅሳቸው በሙሉ ነጻ ናቸው።

ስክሪንሾት በዊንዶውስ

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካላችሁ አንድ አቋራጭ ብቻ ብታውቁ ይበቃል፦ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ሺፍት እና ኤስ፣ ሦስቱን አንድ ላይ። ስክሪኑ ትንሽ ይደበዝዛል። በማውሱ የምትፈልጉትን ክፍል ብቻ ጎትታችሁ ምረጡ። ምስሉ ኮፒ ሆኗል። ከዚያ ቴሌግራም ወይም ወርድ ላይ ሄዳችሁ ኮንትሮልና ቪ ብትጫኑ ይለጠፋል። አበቃ።

ቁርጥራጩን ብቻ መላክ ልማድ ይሁን። ሙሉ ስክሪን ስትልኩ ስልክ ላይ ጽሑፉ ጉንዳን ያህላል። ኤረሩ የታየበትን ሳጥን ብቻ ቆርጣችሁ ብትልኩ ግን ተቀባዩ ሳያጎላ ያነበዋል።

ሌሎቹም ቦታ አላቸው። ፕሪንት ስክሪን የሚባለው ቁልፍ ኪቦርዱ ላይ ወደ ቀኝ ላይኛው ረድፍ ነው፤ ስሙ አጥሮ ነው የሚጻፍበት። ለብቻው ሲጫኑት ሙሉ ስክሪኑን ኮፒ ያደርጋል፤ አዲሱ ዊንዶውስ 11 ላይ ግን የመቁረጫውን መሣሪያ ሊከፍት ይችላል። ከኦልት ጋር ሲጫኑት የተከፈተውን መስኮት ብቻ ያነሳል። ከዊንዶውስ ቁልፍ ጋር ከሆነ ፒክቸርስ ውስጥ ስክሪንሾትስ በሚባል ፎልደር ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ላፕቶፕ ላይ ምንም ካልሠራ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ ጨምሩበት።

አንዳንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አሁንም ዊንዶውስ 7 አለ። አብሽሩ፣ እዚያም ይሆናል። ፕሪንት ስክሪን ተጫኑ፣ ፔይንት ክፈቱ፣ ለጥፉ፣ ሴቭ አድርጉ። ስኒፒንግ ቱል የሚባለው የመቁረጫ መሣሪያም ስታርት ሜኑ ውስጥ አለ።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ስኒፒንግ ቱልን ራሱን ስትከፍቱት አንድ የሚጠቅም ነገር ታገኛላችሁ፦ የሰዓት ምልክቷ። ጥቂት ሰከንድ ታዘገያለች። ማውሱን ስትነኩት የሚዘጋ ሜኑ ማንሳት ሲያስፈልጋችሁ ሰዓቷን ሙሉ፣ ሜኑውን ክፈቱ፣ ጠብቁ።

ሴቭ ስታደርጉ ፒኤንጂ ምረጡ። ጄፔግ ለመልክዓ ምድር ፎቶ ጥሩ ነው፤ በፊደል ዙሪያ ግን ብዥታ ያመጣል። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል። ትንንሽ ቁጥር ካለበት እንደ ፋይል ላኩት።

ረጅም ገጽና የውጤት ገጽ

ከስክሪኑ በታች የሚቀጥል ድረ ገጽ በአንድ ምስል ማንሳት ከፈለጋችሁ ሶፍትዌር አትፈልጉ። ፋየርፎክስና ኤጅ ሁለቱም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስ ስትጫኑ ሙሉ ገጹን የማንሳት ምርጫ ይሰጣሉ።

የ12ኛ ክፍል ወይም የመውጫ ፈተና ውጤት ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ስክሪንሾት ብቻ አትበሉ። ኮንትሮልና ፒ ተጫኑና ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር ፒዲኤፍ የሚለውን ምረጡ። ጽሑፉ ሳይደበዝዝ ይቀመጣል፣ ኋላም ጥራቱን ጠብቆ ይታተማል። ከዚያ ፋይሉን ወደ ራሳችሁ ላኩና ከኮምፒውተሩ ላይ አጥፉት። ከሪሳይክል ቢንም ጭምር። ከእናንተ ቀጥሎ የሚቀመጠውን ሰው አታውቁትም።

የሚደበቀውን በደንብ ደብቁ

ይህን ክፍል እባካችሁ ዘላችሁ አትለፉ። ስክሪንሾት ላይ የስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር ይኖራል። ብዙ ሰው በጥቁር ሃይላይተር ደርቦ ይቀባውና «ደበቅሁት» ይላል። ሃይላይተር ግን ብርሃን ያሳልፋል። የምስሉን ብርሃን በስልክ ኤዲተር ከፍ ያደረገ ሰው ከሥሩ ያለውን ሊያነብ ይችላል። ማደብዘዣውም አስተማማኝ አይደለም፤ ቁጥር ከደበዘዘም በኋላ ሊገመት ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። ምስሉን ፔይንት ላይ ክፈቱ፣ አራት ማዕዘን ምረጡ፣ ውስጡን ድፍን ጥቁር አድርጉ፣ ቁጥሩ ላይ ጣሉት፣ በአዲስ ስም ሴቭ አድርጉ። የምትልኩት አዲሱን ነው።

ለምን «በአዲስ ስም» አልኩ? በ2023 እ.ኤ.አ. የዊንዶውስ 11 ስኒፒንግ ቱል ላይ ከባድ ክፍተት ተገኝቶ ነበር። ሰው ምስሉን ቆርጦ በዚያው ስም ላይ ሴቭ ሲያደርግ የተቆረጠው ክፍል ፋይሉ ውስጥ ይቀር ነበር፤ የሚያውቅበት ሰው ሊያወጣው ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ አስተካክሎታል። ኮምፒውተራችሁ አፕዴት ካልተደረገ ግን ክፍተቱ አብሯችሁ ሊኖር ይችላል።

ማክና ሊኑክስ ላላችሁ

ማክ ላይ ኮማንድ፣ ሺፍትና 4 ቁራጭ ያነሳል፤ በ3 ሙሉውን ያነሳል፤ በ5 ደግሞ የምስልም የቪዲዮም መሣሪያ ይከፍታል። በ5 የተቀረጸው ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የሚወጣውን ድምፅ አይዝም፣ የማይኩን ብቻ ነው። ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ፕሪንት ስክሪን ሲጫኑ የሚከፈተው ሳጥን ላይ የካሜራ ምልክት አለ፤ ቪዲዮ በእሱ ይቀረጻል።

ወደ ቪዲዮ ስንመጣ፦ መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ

ዊንዶውስ 11 ላይ ስኒፒንግ ቱል ራሱ ቪዲዮ ይቀርጻል። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ሺፍትና አር ተጫኑ፣ የሚቀረጸውን ቦታ ምረጡ፣ ማይኩን አብሩ፣ ስታርት በሉ። ለጓደኛ «ይህንን እንዲህ አድርገህ ክፈተው» ብሎ ለማሳየት ከዚህ የሚቀል የለም።

ዊንዶውስ 10 ላይ ጌም ባር አለ። የዊንዶውስ ቁልፍና ጂ ይከፍተዋል። ዊንዶውስ፣ ኦልትና አር ቀረጻ ያስጀምራል፣ ያቆማልም። ፋይሉ ቪዲዮስ ውስጥ ካፕቸርስ የሚል ፎልደር ውስጥ ይገባል። ገደብ አለበት፦ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚቀርጸው። ዴስክቶፑንና የፋይል ፎልደሮችን አይቀርጽም። ፋይሎች በፎልደር እንዴት እንደሚደራጁ ለማስተማር አይሆንም፤ ኤክሴል ብቻ ለማስተማር ይሆናል።

ለትምህርት የሚሆነው ኦቢኤስ ስቱዲዮ

በተከታታይ ለሚያስተምር ሰው የምመክረው ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባለውን የቀረጻ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ የጊዜ ገደብ የለውም፣ ቪዲዮው ላይ የራሱን ማህተም አይለጥፍም። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ዊንዶውስ ከሆነ ግን 10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ኦቢኤስፕሮጀክት ዶት ኮም ከሚለው ከራሱ ገጽ ብቻ አውርዱት። ደህና ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዳችሁ ፋይሉን ለጓደኞቻችሁ በፍላሽ ብትሰጡ ሕጋዊ ነው።

መጀመሪያ ስትከፍቱት የሚመጣው ጠያቂ ሳጥን ላይ ለቀረጻ ብቻ የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ከታች ሶርስስ በሚለው ሳጥን ውስጥ የመደመር ምልክቷን ተጫኑ። ዊንዶው ካፕቸር ምረጡና የምታስተምሩበትን ፕሮግራም አመልክቱ። ሙሉውን ስክሪን የሚይዘው ዲስፕሌይ ካፕቸርም አለ፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። መሐል ላይ የሚመጣ የቴሌግራም መልእክት ቪዲዮው ውስጥ አይገባም።

2. ሴቲንግስ ውስጥ ቪዲዮ የሚለውን ክፈቱ። የውጤቱን መጠን 1280 በ720 አድርጉ። የፍሬም ብዛቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚቀረጸውን የምስል ብዛት፣ 30፣ ላፕቶፑ ደከም ያለ ከሆነ 20 አድርጉ። የሚንቀሳቀሰው ማውስና ፊደል ብቻ ስለሆነ 20 ለትምህርት በቂ ነው።

3. አውትፑት የሚለው ውስጥ የቀረጻውን ጥራት ከፍተኛ ጥራትና መካከለኛ መጠን የሚለው ላይ አድርጉት። «ከስትሪም ጋር እኩል» የሚለው ላይ ከተዋችሁት የፖዝ ቁልፍ አይኖራችሁም። ፖዝ ደግሞ ያስፈልጋችኋል፤ ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ።

4. እዚያው የፋይሉን ዓይነት ኤምኬቪ አድርጉ። ይህ ለእኛ አገር ከሁሉም ይበልጣል። መደበኛው ኤምፒ4 ፋይል የሚዘጋው ቀረጻው በሥርዓት ሲቆም ነው። መሐል ላይ መብራት ጥርቅም ካለ ፋይሉ አይከፈትም፤ የአርባ ደቂቃ ትምህርት ውሃ በላው። ኤምኬቪ ግን መብራት እስከሄደበት ደቂቃ ያለውን ይዞ ይቆያል። በኋላ ፋይል ሜኑ ውስጥ ሪመክስ የሚለው ጥራቱ ሳይነካ ወደ ኤምፒ4 ይለውጥላችኋል። ላፕቶፕ ላይ ባትሪ ስላለ አደጋው ይቀንሳል። ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ግን ይህን ሳታስተካክሉ ቀረጻ አትጀምሩ።

5. ሆትኪስ ውስጥ ለማስጀመር፣ ለፖዝና ለማቆም አንዳንድ ቁልፍ ስጡ። ያለዚያ በእያንዳንዱ ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ኦቢኤስን ስትፈልጉ ትታያላችሁ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቢመጣስ? ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ላይ ያጋጥማል። በዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ግራፊክስ ግቡ። ኦቢኤስን ጨምሩና ኃይል ቆጣቢው ላይ አድርጉት። ዘግታችሁ ክፈቱ። ኮፒ እንዳይደረጉ የተቆለፉ የክፍያ ፊልሞች ግን ጥቁር ሆነው ነው የሚቀረጹት፤ ያ የኦቢኤስ ችግር አይደለም።

ርዕስ በአማርኛ ስትጽፉ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ከሆነ ፎንቱን ወደ ኢብሪማ ወይም ኒያላ ቀይሩ። በድሮው የግዕዝ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ተበላሽቶ ይመጣል፤ በዩኒኮድ ኪቦርድ እንደገና መተየብ ነው።

ድምፅ

ሰው ብዥ ያለ ምስል ይታገሣል። የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም፣ ይዘጋዋል። ስለዚህ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

የላፕቶፑ የራሱ ማይክ የቁልፍ ሰሌዳውን ኳኳታና የፋኑን ድምፅ ይሰበስባል። የስልክ ኢርፎን ማይክ ይሻላል። አንድ ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ ላይ በቀጥታ ይሠራል። ሮዝና አረንጓዴ ሁለት ቀዳዳ ያለው ዴስክቶፕ ላይ ግን ማካፈያ ገመድ ይፈልጋል። ማይኩ ልብስ ላይ እንዳይታሽ ያዙት ወይም በክሊፕ አጥብቁት።

ኦቢኤስ ላይ ስትናገሩ የሚዘለው መስመር ሦስት ቀለም አለው። በመደበኛ ንግግር ቢጫው ውስጥ ይጫወት። ቀዩን ደጋግሞ ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል። አረንጓዴው ውስጥ ብቻ ከቀረ ስልክ ላይ አይሰማም።

ደሴ ላይ ክረምት ከገባ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅረጽ ከባድ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ቁሙ። አዛን ሲል፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሲከፈት፣ ባጃጅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ሲነፋ ፖዝ በሉና ጠብቁ። ፖዝ ያስፈልጋል ያልኩት ለዚህ ነው። ከጀርባ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል የባዶ ክፍልን ማስተጋባት በደንብ ይቀንሳል።

ኦቢኤስ የጀርባ ጫጫታ ማጥፊያ አለው። ማይኩ ላይ በቀኝ ክሊክ ፊልተርስ ግቡና ኖይዝ ሰፕሬሽን ጨምሩ። ለንግግር በጣም ጥሩ ነው። ለሙዚቃ ግን ገዳይ ነው። ማጣሪያው የሰውን ንግግር ብቻ እንዲለይ የተሠራ ስለሆነ የክራርን ወይም የማሲንቆን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይበላዋል። ባቲን ከአምባሰል ለይቶ በክራር የሚያሳይ አስተማሪ ይህ ማጣሪያ እንደበራ ከቀረጸ ተማሪው የሚሰማው የተቆራረጠ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ሲሆን ማጣሪያውን አጥፉትና ክፍሉን ጸጥ አድርጉ። ቅኝቱን ከኮምፒውተሩ ውስጥ በሙዚቃ ሶፍትዌር የምታሰሙ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀላል። ዴስክቶፕ ኦዲዮ የሚለው መስመር ያንን ድምፅ ለብቻው ስለሚይዝ ማጣሪያውን ማይኩ ላይ ብቻ ትታችሁ ማስተማር ትችላላችሁ። ኢርፎን አድርጉ እንጂ በስፒከር አትክፈቱት፤ ማይኩ ደግሞ ይቀዳውና ድምፁ ይደረባል።

ቀረጻውን ከመጀመር በፊት

የኤክሴሉን ወይም የብራውዘሩን እይታ 150 በመቶ አድርጉ። እናንተ ስክሪን ላይ ትልቅ ይመስላል፤ ስልክ ላይ ልክ ይመጣል። ፒችትሪ እንዲህ ማጉያ ስለሌለው ለእሱ የዊንዶውሱን ስኬል ከዲስፕሌይ ሴቲንግስ ከፍ አድርጉ። ኖቲፊኬሽን አጥፉ። የደንበኛ ትክክለኛ ሒሳብ ላይ አታስተምሩ፤ የውሸት ድርጅት ፍጠሩና በእሱ አሳዩ። ቪዲዮ ላይ ቁጥር መሸፈን ከምስል እጅግ ይከብዳል። የኦንላይን ስብሰባ ወይም ክፍል የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ተሳታፊዎቹን አስፈቅዱ።

አሁን ግማሽ ደቂቃ ያህል ሞክሩ። ቅጂውን ወደ ስልካችሁ ላኩና እዚያ ላይ እዩት። ፊደሉ ይነበባል? ድምፁ ያለ ኢርፎን ይሰማል? ካልሆነ አሁኑኑ አስተካክሉ። ሰዓት ሙሉ ቀርጾ ማይኩ ጠፍቶ እንደነበር ማወቅ ያሳምማል።

ማቅለልና መላክ

ቀረጻውን ለማቅለል ሃንድብሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ኤምኬቪውን በቀጥታ ስለሚከፍት በእሱ የምታልፉ ከሆነ ሪመክስ አያስፈልግም። ቪዲዮ በሚለው ገጽ አማካይ ቢትሬቱን 800 አድርጉ፤ ድምፁን ወደ ሞኖና 64 አውርዱ። የክራር ትምህርት ከሆነ ግን ድምፁን 128 ተዉት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 800 ሲባል በሰከንድ 800 ኪሎቢት ነው። ለ8 ስታካፍሉት 100 ኪሎባይት ይሆናል። 10 ደቂቃ 600 ሰከንድ ስለሆነ 60 ሜጋባይት። ድምፁ ወደ 5 ሜጋባይት ይጨምራል። ስለዚህ የ10 ደቂቃ ትምህርት ለተማሪው 65 ሜጋባይት ያህል ያስወጣዋል ማለት ነው። ስትቀርጹ ይህን ቁጥር አስቡት፤ «እንግዲህ... እ... ቆይ አንዴ» የሚባልበት ጊዜ ሁሉ የእሱ ዳታ ነው።

ፍላሽ ላይ ስትገለብጡ ቦታ እያለ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካላችሁ ፍላሹ ፋት32 ስለሆነ ነው። ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ ላይ ያሉትን ፋይሎች ወደ ኮምፒውተር አውጥታችሁ ኤክስፋት ብላችሁ ፎርማት አድርጉት።

ቴሌግራም ነጻ ተጠቃሚን በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይፈቅዳል። ያን ያህል አትላኩ። ትምህርቱን በርዕስ ቆራርጡት፤ አንዱ ክፍል ከ10 ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ስሙን በ01፣ 02፣ 03 ጀምሩ፤ መርሳ ወይም መካነ ሰላም ያለው ተማሪ ፋይሎቹን ሲያወርድ ቅደም ተከተላቸው አይጠፋበትም። ከሥሩ የትምህርቱን ርዕስ፣ ርዝመቱንና ክብደቱን በሜጋባይት ጻፉለት። የትኛውን ዛሬ፣ የትኛውን ዋይፋይ ሲያገኝ እንደሚያወርድ ራሱ ይወስናል።